አራት ጎማ ለሮዠን ጋራ

ካሜን ዶል፣ ኦክቶበር 2

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ ለቫስኮ ልጅ፣ ለዲሊያና፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ባልሽስ ደህና ነው? መንገድሽ ሁሉ እንደ ውሃ ይፍሰስልሽ። እኛ ለክፉ አንሰጥም። ዘንድሮ ቦሎቄው ጥሩ ይዞልናል። የቃሪያ ድልሁ ግን ቲማቲም በዝቶበታል፤ አክስትሽ አልበዛበትም ትላለች። ስድስት ጠርሙስ ይህን ደብዳቤ ድንበር አሻግሮ በሚያመጣልሽ አውቶቡስ ልኬልሻለሁና ፍርዱን ለአንቺ ትቼዋለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። እንደምታውቂው አክስትሽ ስታሜና ከኤፕሪል ወዲህ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ስሞልያን ሆስፒታል የኩላሊት እጥበት አለባት። ማሽኑ ላይ አራት ሰዓት ትቆያለች። አንድ ቀን ከቀረች ፊቷ ያብጣል። ሁለት ቀን ብትቀር ምን እንደሚሆን ማውራት አልወድም። በእኛና በማሽኑ መካከል ያለው የሮዠን ጋራ ነው፤ በረዶ ጣለም አልጣለም እዚያ መድረስ አለብን። ሕመምተኛ የሚያመላልስ መኪና አለ ይሉኛል። እኔ እያለሁ ሚስቴን ሌላ ሰው አያመላልሳትም። ሠላሳ አራት ዓመት በዚያ መንገድ ግንድ ጭኜ ወጥቼ ወርጄበታለሁ።

በጁን የላክሽልን መኪና አንድም ቀን አላሳፈረችኝም። አውቶማቲክ መሆኗም ለእኔ ላረጀሁት ሰነፍ ተስማምቶኛል። ችግሩ ጎማው ነው። ጎሚስታው ሚንቾ መለኪያውን የጎማው ጥርስ መሃል ሰካና፣ «ጋሽ ዛፕሪያን፣ ሦስት ሚሊ ነው የቀረዎት። ከኖቬምበር አሥራ አምስት ጀምሮ አራት ካልሞላ ትራፊክ ያስቆምዎታል። ትራፊክ ባያስቆምዎት ደግሞ ገደሉ ያስቆምዎታል» አለኝ። ቀልድ የሚያውቅ ይመስለዋል።

ደግሞ የዚህች መኪና ጎማ ተራ ጎማ አይደለም፤ ራንፍላት የሚሉት ነው። ጎኑ ደንዳና ስለሆነ ነፋሱ ሁሉ ቢወጣ እንኳ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ለዚህም ነው መኪናዋ ስኮርታም ክሪክም የሌላት። አንቺ የምትሠሪው ጎማ መጋዘን ውስጥ ነውና፣ እንደዚሁ ያለ ራንፍላት፣ ግን ለበረዶ የተሠራ፣ አራት ፈልገሽ በአውቶቡሱ ላኪልኝ። ሌላ ዓይነት አልፈልግም።

አክባሪሽ አጎትሽ
ዛፕሪያን

(ይህን የጻፍኩት እኔ ስታሜና ነኝ። እሱ እየተናገረ እኔ እጽፋለሁ። «ሚስቴን ሌላ ሰው አያመላልሳትም» ሲል ጠረጴዛውን መታው፤ ሻዩ ፈሰሰ። ወረቀቱ ላይ ያለው ቢጫ ነገር እሱ ነው። ቲማቲም ደግሞ አልበዛበትም።)


ኡልም፣ ኦክቶበር 19

ለተከበሩ አጎቴ ለዛፕሪያን እና ለእትዬ ስታሜና፤

ጤና ይስጥልኝ። ቤታችሁን እሳት አይጥፋበት። ድልሁ ደርሶኛል፤ ቲማቲም አልበዛበትም፤ አጎቴ ይቅር ይበሉኝ።

ስለ ጎማው ደብዳቤዎ እንደ ደረሰኝ ባንኮኒዬ ላይ ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። ቀኑን ሙሉ የምሠራው ይኸው ነው። ሰዎች ይመጣሉ፣ የበጋውን አስቀምጠው የበረዶውን ይወስዳሉ፣ መንፈቅ ቆይተው ይገለብጡታል። እኔ መዝገብ ይዤ «ቁጥር ሦስት መቶ ሁለት፣ ግራ መደርደሪያ» እላለሁ። አባቴ ቢያየኝ ምን ይል ነበር?

አጎቴ፣ እውነቱን ልንገርዎት። እኔ እርስዎን ብሆን ራንፍላቱን አወልቀው ነበር። አሁን መኪናዋ እግር ላይ ያለው የበጋ ጎማ ነው፤ ብርዱ ከሰባት ዲግሪ በታች ሲወርድ እየጠጠረ መንገድ መያዙን ይተዋል። የበረዶ ራንፍላት ብገዛልዎት በበረዶው ይሻላል፣ ግን ጎኑ ያው ደንዳና ነው፤ የመንገዱን ጉድጓድ ሁሉ ወደ ወንበሩ ያስተላልፋል። እትዬ ስታሜና አራት ሰዓት ማሽን ላይ ቆይተው ሲወጡ ያንን መንገድ በደንዳና ጎማ መመለሳቸውን ሳስበው ወገቤን ያመኛል። ሚስማር የነካው ራንፍላት ደግሞ ብዙ ጎሚስታ ልለጥፈው አይልዎትም፤ ጣለውና ሌላ ግዛ ነው።

የእኔ ምክር ተራ፣ ለስላሳ ጎን ያለው፣ ዓመቱን ሙሉ የማይወልቅ ባለ አራት ወቅት ጎማ ነው። አራቱም አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው፤ ከራንፍላት ጋር መደባለቅ የለም። ጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ፣ በተራራው ውስጥ የበረዶ ቅንጣት ተስሎበታል፤ ያ ምልክት ያለው በበረዶ ተፈትኖ ያለፈ ነው። ሰው ያልረገጠው ጥልቅ በረዶ ውስጥ የሚገባ ሰው ቢጠይቀኝ ንጹሕ የበረዶ ጎማ እለው ነበር። የእናንተ መንገድ ግን ዋና መንገድ ነው፤ ይጠረጋል፣ አሸዋ ይረጭበታል። ጋራው ላይ በረዶ ሲሆን ስሞልያን በዚያው ቀን ደረቅ ነው። ኤፕሪል ሞቀ ብላችሁ የበጋውን ስታስገቡ በማግሥቱ ይጥልባችኋል። በሳምንት ሦስት ቀን የሚመላለስ ሰው ጎማ ሲቀያይር የሚውልበት ቀን የለውም።

ቢተነፍስስ እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ቀጭን ስኮርታና ክሪክ ከኋላ ያስቀምጡ፣ አለቀ። ለእርስዎ ጎማ መቀየር ላስተምርዎት አልነሳም። አባቴ «ዛፕሪያን የግንድ መኪና ጎማ የለኮሰው ሲጋራ ሳያልቅ ይቀይራል» እያለ ነበር ያሳደገኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ደብዳቤው ለምን በእትዬ ስታሜና እጅ ተጻፈ? የእርስዎን ያንን ወደ ቀኝ የሚያጋድል ጽሕፈት ናፍቄ ነበር።

ልጃችሁ
ዲሊያና


ካሜን ዶል፣ ኖቬምበር 1

ይድረስ ለዲሊያና፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ጤና ከቤትሽ አይራቅ። እኛ ደህና ነን።

ደብዳቤውን አክስትሽ የምትጽፈው መነጽሬ ስለተሰበረ ነው። ሌላ ምንም የለም።

ስለ ሲጋራው አባትሽ ልክ ብሏል። እንዲያውም ሲጋራው አጭሩ ነበር። ግን ያ ድሮ ነው፤ አሁን ዘመኑ ለራሱ ጎማ ሠርቷል፣ ሰው ጭቃ ውስጥ መንበርከኩ ቀርቷል። ምን በወጣኝ ወደ ኋላ እመለሳለሁ? ነፋሱ ሲወጣ የሚቆም ጎማ ለእኔ ጎማ አይደለም። ምክርሽን ሰምቻለሁ፣ አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም። ራንፍላት ላኪልኝ።

ምክርሽን ለሚንቾ ብነግረው ደስ አለው። «ልጅቷ እውነቷን ነው፤ እኔስ ስለዚያ ደንዳና ጎማ ምን አልኩዎት? እሱን ከቸርኬው ሳላቅቅ እኮ ትከሻዬ ይገነጠላል» አለኝ። አንተ ስለ ትከሻህ ነው የምታስበው አልኩት። «እርስዎስ ስለ ምንዎ ነው የሚያስቡት?» ብሎ መለሰልኝ። አፉ አያርፍም።

ቀኑ እየደረሰ ነው። ቶሎ ብትልኪልኝ።

ዛፕሪያን

(ዲሊያና፣ እንጨት ሊያመጣ ወጥቷል፤ ቶሎ ቶሎ እጽፍልሻለሁ። መነጽሩ አልተሰበረም፤ መሳቢያ ውስጥ ነው። ደብዳቤሽ ደርሶ «ተሰበረ ልበላት» ካለ ወዲህ በአንባቢነትም ቀጥሮኛል፤ ውሸቱን ላለማፍረስ ጋዜጣ እንኳ እኔ ነኝ የማነብለት። በሜይ ትንሽ ስትሮክ መታው። ለማንም እንዳትናገሪ ብሎ አስምሎኛል። አፉም እግሩም ተርፏል፤ ሐኪሙም ፈትሾት አውቶማቲክ መኪና መንዳት ትችላለህ ብሎታል። የቀኝ እጁ ጣቶች ግን ጥብቅ አድርገው መያዝ እምቢ ብለዋል። መሪ ይይዛል። ብዕር አይይዝም፣ የጎማ መፍቻም አይይዝም። ኦገስት ላይ ግቢ ውስጥ አንዱን ጎማ ለመፍታት ሲሞክር በመስኮት አየሁት። መፍቻው ሦስት ጊዜ ወደቀበት። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። አብሬው ሃምሳ ዓመት ስኖር ሲያለቅስ ያየሁት አባትሽ የሞተ ቀን ብቻ ነበር። ራንፍላት የሚለው ለዚህ ነው። እኔን ጋራው ላይ አስቀምጦ ጎማ መቀየር እንዳያቅተው ነው የሚፈራው። መጣ።)


ኡልም፣ ኖቬምበር 8

ለተከበሩ አጎቴ ለዛፕሪያን፤

እንደምን ሰነበቱ? እጅዎ የነካው ሁሉ ይባረክ።

መጋዘናችንን ከላይ እስከ ታች ፈተሽኩ። በእርስዎ ልክ የበረዶ ራንፍላት የለም። ይመጣል ቢባልም ለጃንዋሪ ነው፤ እስከዚያ መጠበቅ አይቻልም። ስለዚህ ያለውን፣ አራት ባለ አራት ወቅት ጎማ፣ በዚህ አውቶቡስ ልኬአለሁ። ሹፌሩ ከሻንጣዎቹ በታች አስተኝቷቸዋል። ምልክቱን በጣትዎ ፈልገው ይዩት፤ ተራራው አለ፣ በረዶውም አለ።

ከጎማዎቹ ጋር አንድ ትንሽ ሳጥን አለች። አሁን እዚህ ሁሉም ሰው የሚይዛት ናት። የመኪናዋ ሲጋራ መለኮሻ ላይ ትሰካለች፤ ቁልፏን ሲጫኑ ጎማው ውስጥ ነፋስና የሚያጣብቅ ፈሳሽ ትሞላለች። ሚስማር ከሆነ የነካው፣ መንበርከክም መፍታትም ሳያስፈልግ ወደ ጎሚስታ ታደርሳለች። የተቀደደው ጎኑ ከሆነ ግን አትረዳም፤ ለዚያ ሚንቾ ቀጭን ስኮርታና ክሪክ ይስጥዎት። ነፋሱን በሳምንት አንዴ ያስለኩ።

እትዬ ስታሜና፣ ከዚህ በታች ያለውን አያንብቡላቸው።

እትዬ፣ ደብዳቤዎን ባንኮኒ ሥር ተደብቄ ነው ያነበብኩት። እኔም አልቅሻለሁ። ራንፍላቱ የለም ያልኩት ውሸት ነው፤ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስምንት አለ። የከለከልኩት እርስዎን ሳስብ ነው። በደንዳና ጎማ ተንገላተው እንዲመለሱ አልፈልግም፤ አጎቴም በደንዳና ጎማ ተማምነው የተነፈሰ ጎማ ይዘው በረዷማ ቁልቁለት እንዲወርዱ አልፈልግም። የፈሩት ነገር ከደረሰ ግን ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አውቃለሁ። ስለ እጃቸው አልሰማሁም፤ እሳቸው እስኪነግሩኝ አልሰማሁም።

ዲሊያና


ካሜን ዶል፣ ጃንዋሪ 13

ይድረስ ለዲሊያና፤

እንደምን አለሽ? አዲሱ ዓመት የሰላም ይሁንልሽ።

ሁለት ወር ያልጻፍኩት የሚወቀስ ነገር ስላላገኘሁ ነበር። አሁን አግኝቻለሁ። ጎማሽን ሚንቾ አስገባልኝ። እውነት ለመናገር ዲሴምበርን በሙሉ ሮዠንን እንደ ድመት ነው የወጣው። ላመሰግንሽ ወረቀት እስከማስወጣት ደርሼ ነበር። እንኳንም አልጻፍኩ!

ትናንት ሰኞ ጠዋት አክስትሽን አስቀምጬ ከግቢ ልወጣ ስል፣ ገና በሩ ላይ፣ መኪናዋ በጎኗ ሄደች። መሪ ብል፣ ፍሬን ብል፣ አልሰማ አለችኝ። ሄዳ ሄዳ የኩዊንስ ፍሬ ዛፌ ላይ ተደገፈች። የግራ መብራቷ ተሰበረ። ጋራው ላይ አይደለም፣ ገደሉ ላይ አይደለም፣ ገዛ ግቢዬ ውስጥ! ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ግንድ ጭኜ ያልገጨሁትን ዛፍ አስገጨሽኝ። መኪናዋን ስንገፋና መሬቱን አመድ ስናለብስ ማሽኑ ጋ አንድ ሰዓት አርፍደን ደረስን። ነርሷ «ዛሬ እጥበቱን ልታሳጥሩት ነው እንዴ?» አለችን። የአክስትሽን ፊት አየሁት።

ጎማሽ አራት ወቅት ይላል። አንዱን ወቅት እንኳ አልጨረሰም። ጃንዋሪ ይመጣል ያልሽው ራንፍላት መጥቶ ከሆነ ላኪው፤ ይህንን መልሼ እልክልሻለሁ። ካልላክሽም ንገሪኝ፤ ሌላ ሰው አላጣም።

ዛፕሪያን

(ተቆጥቶ ነው፣ አትቀየሚው። ተኝቶ እንኳ ስለ ጎማ ነው የሚያጉረመርመው። ሲቆጣ ግን እጁን ይረሳዋል፤ እሱም አንድ ነገር ነው። እኔስ ለጎማው አዝኛለሁ፤ በሱ ስንሄድ ወንበሩ አያንገላታኝም ነበር።)


ኡልም፣ ጃንዋሪ 24

ለተከበሩ አጎቴ፤

እንኳን ዛፉ አተረፋችሁ። ዛፉም ይሽር።

ደብዳቤዎን አምስት ጊዜ አነበብኩት። ሮዠንን እንደ ድመት የወጣ ጎማ በሩ ላይ ለምን ይንሸራተታል? በረዶ ቢሆን ይይዘው ነበር። እንደ መስታወት የጠራ የውሃ ግግር ከሆነ ግን የማንም ጎማ አይይዘውም፤ የእኔም፣ ራንፍላቱም። ታዲያ በራችሁ ላይ ግግሩ ከየት መጣ? ቦይ የለበትም፣ ምንጭ የለበትም። ከባሌ ጋር እራት ስንበላ ድንገት ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

አጎቴ፣ ጎረቤታችሁ እማማ ፋንካ አሁንም ውሃ ያፈሳሉ?

እኔ ከመንደር የወጣሁ ቀን፣ የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ከአጥራቸው ወጥተው በመዳብ ጀበናቸው ውሃ መንገዱ ላይ አፍስሰው፣ «መንገድሽ እንደ ውሃ ይፍሰስ» ብለውኝ ነበር። ጫማዬ ረጥቦ እስከ ሶፊያ ድረስ ሄድኩ። ያኔ ሰው ከመንደር የሚወጣው በዓመት አንድ ሁለቴ ነበር። እናንተ አሁን የምትወጡት በሳምንት ሦስቴ ነው፣ ያውም ለሕክምና። ጎረቤታቸው ታሞ መንገድ ሲሄድ እማማ ፋንካ ሳያፈሱ ይቀራሉ ብዬ አላምንም። ሰኞ ያፈሰሱት ማክሰኞ ይጋገራል፣ ረቡዕ ደግሞ ላዩ ላይ ይፈሳል። ከላይ ትንሽ በረዶ ሲጥልበት አይታይም።

ውጡና ቆፍራችሁ እዩ። ከተሳሳትኩ ራንፍላቱን በራሴ እጅ ይዤ እመጣለሁ።

ዲሊያና


ስሞልያን፣ ማርች 2፣ ሰኞ

ዲሊያና ልጄ፤

ጤና ላንቺ። ጽሕፈቱ እንደ ዶሮ ጭረት ቢሆንብሽ አትሳቂ። በራሴ እጅ ነው የምጽፈው። አክስትሽ ማሽኑ ላይ ናት፤ መርፌው ያለው በምትጽፍበት ክንዷ ነው። እኔ አጠገቧ ተቀምጫለሁ። ብዕሩን ነርሷ በፋሻ ጠቅልላ አወፍራልኛለች፣ እንዲጨበጥልኝ።

አዎ፣ እጄ ነው። በሜይ ነው የመታኝ። መነጽሬ ደህና ነው።

መጀመሪያ ስለ ውሃው። ደብዳቤሽን አክስትሽ ስታነብልኝ አካፋ ይዤ ወጣሁ። አራት ጣት ውፍረት ያለው ግግር! በጠርሙስ ውስጥ እንደሚታይ ሣሩ ሁሉ ከታች ይታያል። እማማ ፋንካ በአጥራቸው ላይ ሆነው፣ «ዛፕሪያን፣ ምን ትቆፍራለህ?» አሉኝ። «ጸሎትዎን ነው የምቆፍረው» አልኳቸው። ሲገባቸው ተቀየሙኝ፤ ሁለት ቀን አላናገሩኝም። በሦስተኛው ቀን መጥተው፣ «ልተወው እንዴ?» አሉ። ስታሜና በመስኮት ሰምታ ኖሮ፣ «እንዳይተዉት! ያፍስሱ፣ ግን ከላዩ የምድጃ አመድ ይበትኑበት» አለቻቸው። አሁን በአንድ እጃቸው ጀበና፣ በአንድ እጃቸው የአመድ ባልዲ ይዘው ይወጣሉ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ጎማሽን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ አንቺንም።

ሁለተኛው ነገር የደረሰው ባለፈው ዓርብ ነው። ጋራው ጫፍ ልንደርስ ስንል በረዶ ጠራጊው የገለበጠው ስለታም ድንጋይ የፊት ቀኙን ጎማ ጎኑን ቀደደው። ነፋሱ ሁሉ ወጣ። ሳጥንሽን ሰካሁ፤ ፈሳሹ በቀዳዳው እየወጣ በረዶውን ነጭ በነጭ አደረገው። ብለሽኝ ነበር። ስኮርታውን አወጣሁ፣ ክሪኩንም አወጣሁ፣ መፍቻውንም አወጣሁ። ሁሉን በረዶው ላይ ደረደርኩ። ከዚያ ቆምኩ።

መኪና አለፈ። ሹፌሩ አየኝ፤ እኔም ሥራ እንደያዘ ሰው አጎንብሼ መፍቻውን አየሁ። ሁለተኛ አለፈ። ሦስተኛ አለፈ። እጄን አላነሳሁም። በዚያ መንገድ ላይ በሕይወቴ እርዳታ ጠይቄ አላውቅም፤ እኔ ነበርኩ የምቆመው፣ እኔና አባትሽ። ስታሜና መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

«ስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ።

«ይደረሳል» አልኳት።

«ዛፕሪያን፣ እጅህን አንሳ» አለች። «የቀኙን ካልቻልክ የግራውን።»

የግራውን አነሳሁ።

የቆመልኝ የግንድ መኪና ነው። አንድ ጢማም ጎልማሳ ዘሎ ወረደ።

«ምነው ጋሼ፣ ምን ሆኑ?»

«ጎማ ነው።»

«ክሪክ የለዎትም?»

«አለ፣ ያው እዚያ ነው።»

«መፍቻስ?»

«እሱም አለ።»

«ታዲያ ሁሉን እንደ ገበያ ደርድረው ምን ይጠብቃሉ?»

ያኔ ነው ያልኩት። «እጄ አይጨብጥልኝም» አልኩት። በአፌ ስለው የመጀመሪያዬ ነበር። ለሐኪሙ እንኳ ስታሜና ናት የነገረችልኝ። ሰውየው እጄን አየ፣ መኪናው ውስጥ ስታሜናን አየ፣ «እና ይህን ለማለት ነው በብርድ የቆሙት? ይግቡ ይሙቁ፣ አሁን እጨርሳለሁ» አለኝ። አልገባሁም። አጠገቡ ቆሜ ብሎኖቹን በግራ እጄ ተቀበልኩት። አምስቱንም በኪሴ ያዝኩለት፣ አንድ በአንድ አቀበልኩት። ሲጋራ አልለኮሰም እንጂ ለኩሶ ቢሆን ሳያልቅ ነበር የሚጨርሰው። ስሙን ብጠይቀው ነገረኝ፤ በድንጋጤ ረሳሁት። ለዚህ እስካሁን አዝናለሁ።

ሃያ አምስት ደቂቃ ነው ያረፈድነው። አራቱን ሰዓት ሙሉ አገኘች።

ሚንቾ ጎማውን ሲያይ ጎኑ ከተቀደደ አይለጠፍም አለ። ሌላውም ጥርሱ እኩል እንዲሆን የፊት ሁለቱን በአንድ ላይ ልቀይር አለኝና መደርደሪያው ላይ መረጠ። ያንቺው ዓይነት ባለ አራት ወቅት። ከጎኑ ምን ተደርድሮ እንዳየሁ ታውቂያለሽ? የበረዶ ራንፍላት፣ አራት፣ በእኔው ልክ። «እነዚህ መቼ መጡ?» ብዬ ብጠይቀው «ኧረ ከኦክቶበር ጀምሮ አሉ፣ እርስዎ ከውጭ ነው የማስመጣው ስላሉ ዝም አልኩ እንጂ» አለኝ። እንግዲህ በመንደር ጎሚስታ ያለ ነገር በናንተ ያን በሚያህል መጋዘን ጠፋ! አንቺ በጎማ ዋሸሽኝ፣ እኔ በመነጽር ዋሸሁሽ፤ አክስትሽ ደግሞ ሁለታችንንም እያነበበች ዝም አለች። ከሦስታችን የባሰችው እሷ ናት።

ሚንቾ «የትኛውን ላስገባልዎት? ራንፍላቱም አለልዎት» አለኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ልቤ ወደዚያ ሄዶ ነበር። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በደንዳናው ጎማ በነበርን ጊዜ ስታሜና ስንመለስ መንገዱን ሙሉ የበሩን እጀታ ጨብጣ፣ ጥርሷን ነክሳ ነበር። ከኖቬምበር ወዲህ ግን ከሆስፒታሉ ወጥተን የመጀመሪያውን ጠመዝማዛ ሳንጨርስ እንቅልፍ ይወስዳታል። ጋራውን ተኝታ ትወጣለች፣ ተኝታ ትወርዳለች። እኔም ሬዲዮውን ዝቅ አድርጌ እነዳለሁ። «የልጅቷን አስገባ» አልኩት።

ትናንት የማርች መጀመሪያ ስለሆነ እማማ ፋንካ እንደ ልማዱ የጤናና የፀደይ ምልክት የሆነውን ቀይና ነጭ ክር ፈትለው መኪናዋ መስታወት ላይ አሰሩልን። ሰው ሁሉ የበረዶ ጎማውን ሊያወልቅ ሚንቾ ደጃፍ ተሰልፏል። እኛ አጠገባቸው አለፍን። ዛሬ ጋራው ላይ ደግሞ ጥሎ ነበር።

ይህችን ገጽ ስጽፍ አራት ጊዜ ብዕሩ ወድቆብኛል። ስታሜና እየሳቀች ታየኛለች፤ «ወደ ቀኝ አጋደለ፣ ራሱ ነው» ትላለች ጽሕፈቴን። የጀመርኩት ማሽኑ ሲጀምር ነበር። አሁን ነርሷ መርፌውን ልታወጣ መጥታለች፤ እኔም እዚህ ላይ ጨረስኩ።

አጎትሽ
ዛፕሪያን